ስማቸው ያልገነነ ተፋላሚዎችን ይዞ የፋንታሲ ቡድን መስራት ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ሰላም አሰልጣኝ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ደሴ ካሉ ጓደኞቼ ጋር ስድስት ሆነን የኤምኤምኤ (የድብልቅ ፍልሚያ) ፋንታሲ እንጫወታለን። እያንዳንዳችን በምናባዊ 50,000 በጀት ስድስት ተፋላሚ እንገዛለን፣ እነሱ በእውነተኛው ፍልሚያ ባሳዩት ነጥብ ይያዝልናል። የተፋላሚዎቹን ዋጋና የነጥብ አሰጣጡን ድራፍትኪንግስ ከሚባለው የፋንታሲ ድረ ገጽ እየወሰድን ሒሳቡን ራሳችን ደብተር ላይ እንሰራለን። የገንዘብ ነገር የለውም፣ መጨረሻ የወጣ ቁርስ ይጋብዛል። ችግሩ ሁሉም የሚይዘው እነዚያኑ ታዋቂዎች ነው። እኔ ብዙ ሰው በማያውቃቸው ተፋላሚዎች ቡድን መስራት እፈልጋለሁ። ሞክሬው ነበር፣ አልሆነልኝም። ከየት ልጀምር? የአፍሪካ ልጆችን ብቻ ይዤ ብጫወትስ ያዋጣል?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ፣ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። አብሽር፣ ሐሳብህ ጥሩ ነው። ያልሆነልህ አመራረጡ ላይ ይመስለኛል።

ከዋናው ነገር ልጀምር። የአንድ ተፋላሚ ዋጋ በዋናነት የሚነግርህ የማሸነፍ እድሉን ነው። ነጥብ የምታገኘው ግን ከአሸናነፉ ነው። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። ስም የሌለው ተፋላሚ የሚጠቅምህ በዋጋውና በአሸናነፉ መካከል ክፍተት ሲኖር ነው። ስላልታወቀ ብቻ ከያዝከው ግን ርካሽ ያደረገው ድክመት አንተኑ ይጥልሃል።

ነጥብ አሰጣጡን አንተ ታውቀዋለህ፣ ለሌሎች አንባቢዎች ብዬ ላስቀምጠው። ማንኛውም ያረፈ ምት 0.2 ነጥብ አለው። ምቱ ወሳኝ ተብሎ ከተመዘገበ ሌላ 0.2 ይጨመራል፣ ስለዚህ 0.4 ይሆናል። ተጋጣሚን አንስቶ ወይም ጠልፎ መጣል፣ ማለትም ቴክዳውን፣ 5 ነው። ከስር ሆኖ ገልብጦ ከላይ መውጣትም 5 ነው። በምት መጣል 10 ነው። ይዞ መቆጣጠር በየሰከንዱ 0.03 ያስገኛል። ድል ደግሞ እንደ ዙሩ ይለያያል። በመጀመሪያው ዙር የጨረሰ 90፣ በሁለተኛው 70፣ በሦስተኛው 45፣ በአራተኛውና በአምስተኛው 40 ያገኛል። እስከ መጨረሻው ተፋልሞ በዳኞች ውሳኔ ያሸነፈ 30 ብቻ ነው የሚያገኘው። በመጀመሪያዎቹ 60 ሰከንዶች የጨረሰ 25 ጉርሻ አለው።

አሁን ደብተርህን አውጣና አራት ሰዎች አስላልኝ።

አንዱ ጥንቁቅ ቦክሰኛ ነው። ሦስቱን ዙር እየራቀ፣ እየመረጠ እየመታ በዳኞች ውሳኔ ያሸንፋል። 40 ወሳኝ ምትና 10 ተራ ምት አሳርፏል። 30 ሲደመር 16 ሲደመር 2፣ በድምሩ 48 ነጥብ። ሁለተኛው ተሸናፊ ነው። ግን ወደፊት እየሄደ ሲመታ ስላመሸ 120 ወሳኝ ምት አሳርፏል። የድል ነጥብ ሳያገኝ 48። አሸናፊውና ተሸናፊው እኩል ወጡ ማለት ነው! ሦስተኛው ታጋይ ነው። እንደ መጀመሪያው በዳኞች ውሳኔ ነው ያሸነፈው። ግን 6 ጊዜ ቴክዳውን አድርጎ ጥሏል፣ 9 ደቂቃ ተቆጣጥሯል፣ 30 ወሳኝ ምትና 80 ቀላል ምት አሳርፏል። 30፣ 30፣ 16.2፣ 12 እና 16 ስትደምር 104.2 ይመጣል። አራተኛው በሁለተኛው ዙር አንቆ አሸነፈ። 2 ጊዜ ጥሏል፣ 3 ደቂቃ ተቆጣጥሯል፣ 20 ወሳኝ ምት አለው። 93.4 ነጥብ።

ልብ በል፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ቤቱ ሁሉ የሚጮኸው ለአራተኛው ነው። ለሦስተኛው የሚጮህ የለም፣ እንዲያውም «ተነሱ በሏቸው እንጂ!» ነው የሚባለው። ነጥብ ግን እሱ ይበልጣል። የመጀመሪያው ሰውዬ ስም ካለው ዋጋው 9,000 ሊሆን ይችላል። ሦስተኛውን 7,800 ላይ ልታገኘው ትችላለህ። አንተ የምትፈልገው ሦስተኛውን ነው።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ ሜራብ ድቫሊሽቪሊ ነው። ጆርጂያዊው ትልቁ የኤምኤምኤ ውድድር ወደሆነው ዩኤፍሲ ሲገባ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፍልሚያዎች ተሸንፏል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) በ2018 ስሙን የሚጠራ ሰው ጥቂት ነበር። በማርች 2023 ከፒዮትር ያን ጋር ባደረገው ባለ አምስት ዙር ፍልሚያ 49 ጊዜ ቴክዳውን ሞክሮ 11ዱ ተሳክቶለታል። 11 በ5 ብታባዛ 55 ነጥብ ነው። የዳኞች ውሳኔው 30 ሲጨመር ገና አንድ ቡጢ ሳትቆጥር 85 ደረስክ። በሴፕቴምበር 2024 ሻምፒዮን ሲሆን ሁሉም አወቀው። ሲታወቅ ዋጋው ይሰቀላል፣ ለአንተ የሚሆነው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

ስለዚህ ካርዱ፣ ማለትም የዕለቱ ፍልሚያዎች ዝርዝር፣ ሲወጣ ስሙን ሳይሆን መጀመሪያ የቴክዳውን አምዱን እይ። ዩኤፍሲ ስታትስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ከእያንዳንዱ ተፋላሚ ስም ስር በ15 ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚጥል ተጽፏል። በ15 ደቂቃ 3 እና ከዚያ በላይ የሚጥል ሰው ካገኘህ ያዝና ወደ ተጋጣሚው ዙር። የተጋጣሚው ቴክዳውን የመከላከል አቅም በመቶኛ ተቀምጧል። ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ዓይንህን አትንቀል። ብዙ ሰው የሚስተው ይህንን ነው። የአንዱን ጉብዝና ብቻ ያነባል፣ ፍልሚያው ግን የሁለት ሰው ነው። ጎበዝ ታጋይ ከራሱ ከበለጠ ታጋይ ጋር ከተገናኘ ሁለቱም ትግሉን ትተው በቡጢ ሊያመሹ ይችላሉ። ያኔ የያዝከው ሰው ምንም አያመጣልህም።

ቁጥር ስታነብ ግን አዲስ ገቢዎች ላይ ተጠንቀቅ። በ30 ሰከንድ በዝረራ ያሸነፈ ልጅ 8 ምት ካሳረፈ ሰንጠረዡ ላይ «በደቂቃ 16 ምት» ተብሎ ይወጣል። ሦስት ዙር እንደዚያ ሊመታ የሚችል ሰው የለም። ቢያንስ ሦስት አራት ሙሉ ፍልሚያ ያልተመዘገበለትን ሰው በቁጥሩ አትመን፣ ቪዲዮውን እይ።

ሪከርድም እንደዚሁ ያታልላል። 12 ለ 0 (12 ድል፣ 0 ሽንፈት) የሚል ስታይ አትደንግጥ። ሼርዶግ ወይም ታፖሎጂ የሚባሉት ድረ ገጾች ላይ ስሙን ክፈትና ያሸነፋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ተጫናቸው። ካሸነፋቸው ውስጥ 2 ለ 9፣ 0 ለ 4፣ 1 ለ 6 የሚሉ ከበዙ ያ ሪከርድ ባዶ ነው። በአንጻሩ 9 ለ 3 የሆነ፣ ሦስቱንም በጠንካራ ሰዎች የተሸነፈ፣ የተሸነፈውም በዳኞች ውሳኔ ከሆነ እሱ የተፈተነ ሰው ነው። ሽንፈቱ ዋጋውን ያወርደዋል፣ ችሎታውን ግን አላወረደውም። እኔ በጂም ውስጥ ልጆች ሳይ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ተመትቶ ምን እንደሚሆን ያልታየ ልጅ ገና አልታወቀም።

ቪዲዮ ስታይ ደግሞ የመጨረሻውን ድምቀት አትይ። ሁለተኛው ዙር ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ሂድ። እጁ ከአገጩ ወርዷል? አፉን ከፍቶ ነው የሚተነፍሰው? ሲጣል ወዲያው ዳሌውን አዙሮ ግድግዳው ጋ ይሄዳል ወይስ ጀርባው ላይ ተኝቶ ይጠብቃል? ተኝቶ የሚጠብቅ ሰው የተጋጣሚውን ሰዓት ነው የሚሞላለት። እሱን አትያዝ፣ ከእሱ ጋር የሚፋለመውን ያዝ።

የትንፋሽ ነገር ስላነሳሁ ሻና ዶብሰንን ላስታውስህ። በኦገስት 2020 ከማሪያ አጋፖቫ ጋር ስትገባ ሦስት ተከታታይ ሽንፈት ይዛ ነበር። ታሸንፋለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም ማለት ይቻላል። አጋፖቫ የመጀመሪያውን ዙር በኃይል ጀመረች፣ ጉልበቷን ጨረሰች። ዶብሰን በሁለተኛው ዙር መሬት ላይ ይዛ በምት ጨረሰቻት። በዩኤፍሲ ታሪክ ካልተጠበቁት ውጤቶች አንዱ ነው። ይህንን የምልህ ሦስቴ የተሸነፈ ሁሉ ይያዝ ለማለት አይደለም። ርካሽ ሰው ስትፈልግ ከፊቱ የቆመው ተጋጣሚ በመጀመሪያው ዙር ካልጨረሰ የሚደክም ዓይነት መሆኑን እንድታይ ነው።

አንተ ከኮምቦልቻ ደሴ ስለምትመላለስ የሚቀጥለው ነገር ቶሎ ይገባሃል። የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትገባ አየሩ ይለወጣል። ኮምቦልቻ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ደሴ ከ2,400 በላይ። ኮምቦልቻ ያደገ ልጅ እኛ ጋ ደሴ መጥቶ ከጦሳ ተራራ ስር ሲሮጥ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንፋሽ ያጥረዋል። ሜክሲኮ ሲቲ 2,240 ሜትር ላይ ነች። በጁን 2015 ኬን ቬላስኬዝ፣ ያ በትንፋሹ የሚታወቀው ሰውዬ፣ እዚያ ከፋብሪሲዮ ቨርዱም ጋር ተፋለመ። ቨርዱም ቀደም ብሎ ሜክሲኮ ገብቶ ከፍታ ቦታ ላይ ሲለማመድ ነበር። ቬላስኬዝ ደከመ፣ በሦስተኛው ዙር ታንቆ እጁን ሰጠ፣ ቀበቶውን አጣ። ዩኤፍሲ ሜክሲኮ ሲቲ ወይም ወደ 1,300 ሜትር ከፍታ ያላት ሶልት ሌክ ሲቲ ሲሄድ እያንዳንዱ ተፋላሚ የት እንደሚለማመድ ፈልግ። ከፍታ ላይ የሚኖር ስም የለሽ ሰው ከባህር ዳርቻ በመጣ ታዋቂ ላይ በሦስተኛው ዙር የተለየ ሰው ሊሆን ይችላል። ጓደኞችህ ይህንን ሳያዩ የሚመርጡ ይመስለኛል።

የሜዳው ስፋትም አለ። ላስ ቬጋስ ባለው አፔክስ በሚባለው የዩኤፍሲ አዳራሽ ኦክታጎኑ (ባለ ስምንት ጎን መፋለሚያው) ስፋቱ 25 ጫማ ነው፣ ትልልቅ አዳራሾች ውስጥ የሚተከለው 30 ጫማ። ትንሹ ላይ መሸሻ የለም። ግድግዳ ላይ አጣብቆ የሚጥል ታጋይ አፔክስ ላይ ይጠቅምሃል፣ እየራቀ የሚመታ ቦክሰኛ ደግሞ ይጎዳል።

ክብደቱንም እይ። 120 ኪሎ ድረስ የሚፈቀድላቸው ከባዶቹ ቶሎ ይዘራረራሉ። ስለዚህ ርካሽ ከባድ ሚዛን፣ ቢያሸንፍ ብዙውን ጊዜ 70 ወይም 90 ይዞልህ ይመጣል፣ ቢሸነፍ ባዶ እጅህን ትቀራለህ። የሴቶች 52 ኪሎ ላይ ደግሞ ፍልሚያው ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻ ይሄዳል። እዚያ የምትፈልገው ብዙ የምትመታ ወይም ብዙ የምትጥል ሴት ነው። በቀላል ሚዛኖች 35 ዓመት ያለፈውን፣ ስሙ ቢገንም፣ እኔ አልይዝም። ፍጥነት ቀድሞ ነው የሚሄደው።

አዳዲስ ስሞችን ከየት ላግኝ ካልክ፣ ዳና ዋይት ኮንቴንደር ሲሪስን ተከታተል። በ2017 የጀመረ ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚደረግ፣ ወጣቶች ለዩኤፍሲ ውል የሚፋለሙበት። ሾን ኦማሊ በ2017 ከዚያ ወጥቶ በ2023 ሻምፒዮን ሆነ። ጃማሃል ሂልም ከዚያው ነው የመጣው። እዚያ ውል የሚያስገኘው ከማሸነፍ ይልቅ አጨራረስ ስለሆነ ከዚያ የሚመጡት ለመጨረስ የሚቸኩሉ ናቸው። ለፋንታሲ ይስማማል። ከዚያ ውጭ የአሜሪካውን ኤልኤፍኤ፣ የእንግሊዙን ኬጅ ዋሪየርስ፣ የፖላንዱን ኬኤስደብልዩ ውጤቶች ማየት በቂ ነው። ሁሉንም ለማየት ጊዜም ኢንተርኔትም አይበቃም።

አሁን ወደ በጀቱ። 50,000 ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው 8,333 ይደርሰዋል። የሁለት ተጋጣሚዎች ዋጋ ሲደመር አብዛኛውን ጊዜ 16,200 አካባቢ ነው። ግማሹ 8,100። ይህ ምን ይነግርሃል? ስድስት ርካሽ ሰው መያዝ አያስፈልግህም ማለት ነው። ስድስቱም ከተጋጣሚያቸው ትንሽ የተሻለ እድል ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ። የተበላሸብህ እዚህ ይመስለኛል። «የማይታወቅ» ስትል 6,800 እና 7,000 ላይ ያሉትን ለቃቅመህ፣ 8,000 ወይም 9,000 ሳትጠቀምበት ቀርቷል ብዬ እገምታለሁ። ያልታወቀ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም። ካምዛት ቺማየቭ በጁላይ 2020 ሲመጣ ብዙ ተመልካች አያውቀውም ነበር። በ10 ቀን ልዩነት፣ በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ተፋልሞ ሁለቱንም ከዳኞች ውሳኔ በፊት ጨረሰ። እንዲህ ዓይነቱን ሰው 9,300 ከፍለህም ቢሆን ያዘው። ጓደኞችህ በዚያው ዋጋ የሚያውቁትን ሰው ነው የሚይዙት።

እኔ ብሆን እንዲህ እደለድላለሁ፦ አንድ ሰው 9,300፣ ሌሎቹ 8,700፣ 8,400፣ 8,200፣ 7,900 እና አንድ ርካሽ በ7,300። ድምሩ 49,800 ነው። 8,400 እና 8,200 ላይ ያሉት ታጋዮች ይሁኑ። 7,300 ላይ ያለው ወይ በአንድ ቡጢ የሚጥል፣ ወይ ቢሸነፍ እንኳ መቶ ምት የሚያሳርፍ ይሁን። እንደዚህ ዓይነት ተሸናፊ በተለይ ባለ አምስት ዙሩ ዋና ፍልሚያ ላይ ይገኛል። ሁለት ተጋጣሚዎችን አብረህ አትያዝ፣ አንዱ መሸነፉ አይቀርም። የሚፈቀደው ሁለቱም ብዙ የሚመቱ ከሆኑና ፍልሚያው አምስት ዙር ከሆነ ብቻ ነው።

ፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ የምትጫወት ከሆነ ዲፈረንሻል፣ ማለትም ሌሎች ያልያዙት ተጫዋች፣ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። እዚህም ያው ነው። አምስቱ ጓደኞችህ አንድ ታዋቂ ሰው ከያዙና አንተም ከያዝከው፣ እሱ 120 ቢያመጣ ደረጃህ አይለወጥም። እሱን ትተኸው ከተሸነፈ ግን በአንድ ጊዜ አምስቱንም አለፍካቸው። ቢሆንም ስድስት ሰው ባለበት ጨዋታ ሁሉንም መተው አይመከርም። አንድ ወይም ሁለት ታዋቂ ይኑርህ፣ አራቱ የአንተ ይሁኑ። ልዩነት ለመፍጠር ይበቃል።

የመጨረሻውን ስም ዝርዝር ከአርብ ምሽት በፊት አታጽድቅ። ላስ ቬጋስ ላይ የሚመዘኑት አርብ ጠዋት ነው፣ እኛ ጋ ከምሽቱ 1 ሰዓት ወይም 2 ሰዓት ጀምሮ ማለት ነው። ሚዛን ላይ ሲወጣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ፣ ፎጣ ተይዞለት በሁለተኛው ሙከራ የሚያልፍ፣ ዓይኑ የጎደጎደ ሰው ካየህ አውጣው። ክብደት ያላሟላ ሁሉ ግን መጥፎ አይደለም። አንዳንዱ ክብደት ለመቀነስ ራሱን ሳያደርቅ ቀርቶ ተጋጣሚው ደርቆ ይመጣል። ፊቱን እይና ፍረድ።

በአጭር ጊዜ ተጠርቶ የሚገባ ሰውም አለ። ብዙዎቹ ሳይዘጋጁ ስለሚመጡ ይሸነፋሉ። ግን ኔት ዲያዝ በማርች 2016 ኮነር ማክግሪገርን በሁለተኛው ዙር አንቆ ሲያሸንፍ የተጠራው 11 ቀን ሲቀረው ነበር። ልዩነቱ ዓመቱን ሙሉ የሚለማመድና ትንፋሽ ያለው ሰው መሆኑ ነው። አዲስ ገቢ ሆኖ፣ በአምስት ቀን ተጠርቶ፣ ከራሱ በላይ በሆነ ሚዛን የሚገባን ሰው ግን በምንም ዋጋ አትያዝ። ፍልሚያ በመጨረሻው ሰዓት የሚሰረዝበትም ጊዜ ብዙ ስለሆነ ከአሁኑ ከጓደኞችህ ጋር ሕግ አውጡ። የተሰረዘበት ሰው በዚያው ዋጋ ወይም በታች ባለ ሌላ ሰው ይተካ፣ የመጀመሪያው ፍልሚያ ከመጀመሩ በፊት። እሁድ ንጋት ላይ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቢጨቃጨቅ መስማማት ያስቸግራል።

የአፍሪካ ልጆችን ብቻ ልያዝ ያልከው ደስ ብሎኛል። ልቤም እዚያው ነው። ግን በአንድ ካርድ ላይ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አራት ፍልሚያ ነው ያለው፣ ስድስት አፍሪካዊ የሚገኝበት እምብዛም ነው። በአንድ ሰው ጀምር። ድሪከስ ዱ ፕሌሲን እይ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ኢኤፍሲ በሚባለው ውድድር በሁለት ሚዛን ሻምፒዮን ነበር፣ በ2018 ደግሞ ፖላንድ ሄዶ የኬኤስደብልዩን ቀበቶ ወሰደ። ይህ ሁሉ እያለ በኦክቶበር 2020 ዩኤፍሲ ሲገባ ብዙ ሰው አዲስ ነበር የመሰለው። ማርከስ ፔሬዝን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። በጃንዋሪ 2024 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ኢኤፍሲን ይከታተል የነበረ ሰው በ2020 ይዞት ነበር።

አሁንም መንገዱ እሱ ነው። ኢኤፍሲ አለ፣ በ2025 ደግሞ ፒኤፍኤል አፍሪካ ኬፕታውን ላይ ጀምሯል። ከናይጄሪያ፣ ከካሜሩን፣ ከአንጎላ፣ ከደቡብ አፍሪካ የሚመጡትን ልጆች ስም አሁኑኑ ደብተርህ መጨረሻ ገጽ ላይ መዝግብ። እያንዳንዱ ያሸነፈው ማንን እንደሆነ፣ በስንተኛው ዙር፣ በምን እንደጨረሰ ጻፍበት። የሚቀጥለው ካርድ ሲወጣ ዝርዝሩን ከነዋጋው እስከ ሐሙስ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።